የዕቅድ ውይይት፦ የቃጠሎ ወንጀል ሥልጠና የጋራ ረቂቅ (ፒያሳና መርካቶ)

ጸሐፊ፦
ለአራዳና ለአዲስ ከተማ የሕንጻ ጥበቃዎች፣ የነጋዴ ኮሚቴዎችና የዕድር ዳኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና እንጠይቃለን። ረቂቁ «የቃጠሎ ወንጀል የሌላ ሰው ንብረት ላይ ሆን ብሎ እሳት መልቀቅ ነው» ብሎ ይጀምራል። ጥበቃዎቹም ከፍርስራሹ ናሙና እንዲያነሱ ይላል። እርማታችሁን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፦
ጸሐፊያችን፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይውጣ። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 494 የራስን ንብረትም የሌላውንም ይጠቅሳል። መለያው ባለቤትነት ሳይሆን ተንኮል ነው፤ ወይም በሰውና በንብረት ላይ የጅምላ አደጋ የማስከተል ሐሳብ። በቆርቆሮ የተለያዩ ሱቆች በተርታ ባሉበት መደዳ ውስጥ የራሱን ሱቅ ያቀጣጠለ ነጋዴ «ዕቃው የእኔ ነው» ቢል መልስ አይሆነውም። እሳቱ አንዴ ከተነሳ ግድግዳ ለይቶ አይቆምምና። የመድን ገንዘብ ለመቀበል ከሆነ ደግሞ የማታለል ወንጀል ይጨመርበታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትደባልቁ።

ከዚያ አንቀጽ 23ን አስገቡ፦ ወንጀል የሚሟላው ሕጋዊ (ሕጉ የከለከለው መሆኑ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱና ውጤቱ) እና ሞራላዊ (የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት) ፍሬ ነገሮቹ በአንድነት ሲገኙ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሱቁ መቃጠሉ ብቻውን ግዙፋዊውን ፍሬ ነገር አያሟላም። እሳቱን ያስነሳው የተከሳሹ ድርጊት መሆኑ፣ በድርጊቱና በውጤቱ መካከልም የምክንያትና ውጤት ግንኙነት (አንቀጽ 24) መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ጸብ ነበራቸው፣ ዝቶበታል የሚለው ለድርጊቱ ያነሳሳውን ያመለክት ይሆናል እንጂ እጁን አያሳይም።

ተከላካይ ጠበቃ፦
እስማማለሁ፣ ግን ሞራላዊው ክፍል በጣም አጥሯል። «ሆን ብሎ» የሚለው ብቻ አይበቃም። አንቀጽ 58 ውጤቱን ፈልጎ የሚያደርገውን ብቻ ሳይሆን፣ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የሚያደርገውንም አስቦ እንደፈጸመ ይቆጥረዋል። አንቀጽ 59 ደግሞ ቸልተኝነት ነው፤ የሚያስቀጣውም ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። ብየዳ ሲሠራ ፍንጣሪ ጨርቅ ላይ የጣለ ሠራተኛ ከአንቀጽ 494 ጋር መቀላቀል የለበትም። ሠልጣኙ ይህን ካልለየ፣ እሳት በተነሳ ቁጥር ሰው መወንጀል ይሆናል።

ሙከራውንም ጨምሩ። አምስት ሊትር ቤንዚን መግዛት በራሱ መሰናዳት ነው፤ በመርህ ደረጃ አያስቀጣም (አንቀጽ 26)። ቤንዚኑን በሱቁ ደፍ ላይ አፍስሶ ክብሪት የጫረ ግን በቀጥታ ወደ ፍጻሜው የሚያደርሰውን ጀምሯል፤ ዘበኛ ደርሶ ቢያጠፋበትም ሙከራ ነው (አንቀጽ 27)።

የእሳት መንስኤ ምርመራ ባለሙያ፦
ጥበቃ ናሙና ያነሳል የሚለውን በጽኑ እቃወማለሁ። ከፍርስራሹ ሥር የተወሰደ ጨርቅ በፌስታል ታስሮ ቢመጣ የቤንዚኑ ትነት በፕላስቲኩ አልፎ ይወጣል፣ የፌስታሉም የራሱ ጠረን ይገባበታል። ትክክለኛው ዕቃ አዲስ ክዳን ያለው የብረት ጣሳ ወይም ክዳኑ ብረት የሆነ ጠርሙስ ነው፤ የሚሞላውም እስከ ሁለት ሦስተኛው ነው፣ ትነቱ የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ እንዲቀር። በየናሙናው ጓንት ይቀየራል። ከዚያው ዕቃ ያልተቃጠለ ቁራሽም ለማነጻጸሪያ ይወሰዳል፤ የተቃጠለ ምንጣፍና ፕላስቲክ ራሱ ከነዳጅ ጋር የሚመሳሰል ቅሪት ይሰጣልና። ይህ ሁሉ የመርማሪ ሥራ ነው።

ሁለት የቆዩ እምነቶችንም ረቂቁ ይሻር። ድር የመሰለ ስንጥቅ ያለበት መስታወት «እሳቱ በነዳጅ ተፋጥኗል» አይልም፤ ብዙ ጊዜ የጋለ መስታወት ላይ የማጥፊያው ውኃ ሲያርፍ የሚወጣ ነው። የቀለጠ የመዳብ ሽቦ ጫፍም «ኮንታክት ነው» አያሰኝም፤ እሳቱ ራሱ የሽቦውን ሽፋን አንድዶ ኮንታክት ሊፈጥር ይችላል። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ከተቀጣጠለ ደግሞ ወለሉ ላይ የሚቀረው ምልክት ነዳጅ የፈሰሰ ሊመስል ይችላል።

ጥበቃው በ939 እሳት አደጋን፣ በ991 ፖሊስን ይጥራ። ከዚያ በሩ ተሰብሮ ነበር ወይስ ተቆልፎ፣ ጭሱ መጀመሪያ የታየው በየት በኩል፣ ማን ቀድሞ ደረሰ፣ ብሬከሩን ማን ነካው፤ ይህን ከነሰዓቱ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ፍርስራሹ አይጠረግ። መርካቶ ላይ ሸቀጥ ለማትረፍ የሚደረገው ርብርብ ይገባኛል፣ ሰው ኑሮውን ነው የሚያድነው፤ ሆኖም እሳቱ የተነሳበት ጥግ ከተጠረገ በኋላ ግዙፋዊው ፍሬ ነገር የሚረጋገጥበት ነገር አይኖርም።

የነጋዴ ኮሚቴ ተወካይ፦
ሱቁ በሙሉ ቀናት ታሽጎ ይቆይ ከተባለ ማንም አይቀበለንም። እሳቱ የተነሳበት ጥግ ብቻ ገመድ ይታጠርበት፣ ሌላው ፎቶ ተነስቶ ይለቀቅ። ማን እንደሚያጥርና ማን እንደሚፈቅድ ደግሞ በስም ሳይሆን በኃላፊነት ይጻፍ።

የእሳት መንስኤ ምርመራ ባለሙያ፦
ጥጉን የሚወስነው መርማሪው ከሆነ ይሁን። ፎቶውም መጀመሪያ ከሩቅ በአራቱም አቅጣጫ፣ ከዚያ ከቅርብ፣ ከሥሩ ማስመሪያ ተቀምጦ።

ጸሐፊ፦
የመግቢያው ዓረፍተ ነገር ወጥቷል፣ ናሙና የሚለው «መጠበቅና መመዝገብ» ተብሎ ተተክቷል። ሦስት ሰዓት እንጠይቃለን፦ ለፍሬ ነገሮቹ 40 ደቂቃ፣ ለሐሳብና ቸልተኝነት ልዩነት 30፣ ለቦታ ጥበቃ 80፣ ቀሪው 30 ለጥያቄ። ጣሳና ጓንት ለማሳያ ብቻ ሁለት ሁለት ይበቃል። ተከላካይ ጠበቃችን የ58ና የ59 ምሳሌዎችን በአንድ ገጽ ይላኩልኝ፤ የኮሚቴው ተወካይ የገመዱን አንቀጽ ራሳቸው ቢጽፉት ይሻላል።