«ነበር» ስፓኒሽ ላይ ሁለት ሆነብኝ

ስፓኒሽ የምታውቁ፣ እባካችሁ አስረዱኝ። ያልተፈጸመውን ኃላፊ ጊዜ ማርባቱ አላስቸገረኝም፤ «አብላር» (መናገር) «አብላባ»፣ «ኮሜር» (መብላት) «ኮሚያ» ይሆናል፤ ከደንቡ የሚወጡትም «ሴር» (መሆን)፣ «ኢር» (መሄድ) እና «ቤር» (ማየት) ብቻ ናቸው። «ኢባ» «ይሄድ ነበር»፣ «ፉዌ» ደግሞ «ሄደ» መሆኑም ወዲያው ገባኝ፤ እዚህ ላይ አማርኛችን በጣም ረድቶኛል።

ግራ የገባኝ «ሴር» ላይ ነው፤ ያልተፈጸመው «ኤራ»፣ የተፈጸመው ደግሞ እንደ «ኢር» ሁሉ «ፉዌ» ነው፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም «ነበር» ይሆኑብኛል። «ፈተናው ከባድ ነበር» ለማለት «ኤል ኤክሳሜን ኤራ ዲፊሲል» ብዬ ጻፍሁ። መምህርቴ «ኤራ»ን በቀይ ሰርዛ «ፉዌ» አደረገችው። ከሥሩ ያለውን «ላ ካሳ ኤራ ግራንዴ»፣ «ቤቱ ትልቅ ነበር» የሚለውን ግን ሳትነካው አለፈች። ፈተናው ስላበቃ ነው እንዳልል፣ ያ የልጅነት ቤታችንም ከፈረሰ ቆይቷል። ታዲያ በምን ልለያቸው? ሁለቱም ቃላት ትክክል ሆነው ትርጉሙ ብቻ የሚለወጥበት ምሳሌ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።