የግል እምነትና የሥራ ውሳኔ፦ ከጉዳዩ መነሳት የሚገባው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ መዝገብ ቤት
የንግድ ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ ነውር ነው ብሎ ከልቡ ያምናል እንበል። ሕጉ ግን ይፈቅዳል፤ አመልካቹም መስፈርቱን አሟልቷል። ይህ ሰው ከጉዳዩ መነሳት፣ ማለትም ራሱን ከውሳኔው ማግለል አለበት ወይስ እምነቱን ይዞ መወሰን ይችላል? ዳኛ ቢሆንስ? «ህሊናህን ስማ» ከሚለው ያለፈ፣ ሥራ ላይ የሚውል መልስ ብታካፍሉኝ።

ችሎት ተመልካች
እምነት ስላለው ብቻ ማንም አይነሳም፤ እንዲያ ቢሆን ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም ነበር። የሚያስነሳው ዝምድና፣ ጠብ፣ ጥቅም፣ ወይም ማስረጃው ሳይሰማ የተቆረጠ አቋም ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጡት ዓለም አቀፍ የባንጋሎር የዳኞች ሥነ ምግባር መርሆዎች ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ ዳኛው በእርግጥ ሳያዳላ መወሰን ይችላል ወይ? ነገሩን በቅንነት ለሚያይ ተመልካችስ እንደዚያ ይመስለዋል ወይ? «እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፣ አላዳላም» የሚለው መልስ ሁለተኛውን ጥያቄ አይዘጋም።

ለንደን ላይ የተያዘው የቀድሞው የቺሊ አምባገነን መሪ የፒኖቼ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። በኅዳር 1998 እ.ኤ.አ. ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ፒኖቼ ከመያዝ የሚያድን ያለመከሰስ መብት የለውም ብለው 3 ለ 2 ወሰኑ። ከሦስቱ አንዱ ሎርድ ሆፍማን ነበሩ። በክርክሩ ጣልቃ ገብቶ የተከራከረው የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሲሆን፣ እሳቸው ከድርጅቱ ጋር የተሳሰረ የበጎ አድራጎት ኩባንያ ዳይሬክተር ነበሩ፤ ይህንንም ለተከራካሪዎቹ አላሳወቁም። በታኅሣሥ ውሳኔው ተሻረ። አድልተዋል ያለ ሰው አልነበረም፤ ገንዘብም አላገኙበትም። በድጋሚ በ7 ዳኞች ሲታይ በመጋቢት 1999 ውጤቱ በዋናው ነጥብ ያው ሆነ፣ ምንም እንኳ ሊጠየቅባቸው የሚችሉት ክሶች በጣም ቢጠብቡም። ያን ሁሉ ወራት የበላው አስቀድሞ ያልተነገረ አንድ ግንኙነት ነው።

ቃለ ጉባኤ
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን የግል ሥነ ምግባር በድምፅ አሰጣጥ ላይ እምብዛም አይታይም። ሾልኮ የሚገባው ከዚያ በፊት ነው። የማይወዱት ፋይል ከክምሩ ሥር ይቆያል፤ ከሌላው ያልተጠየቀ «ተጨማሪ ማስረጃ» ይጠየቅበታል፤ «አካባቢውን ይረብሻል» የሚል ግምት ያለ ጥናት ይጻፍበታል። ውድቅ ያደረገው ሰው ራሱ እንኳ ያደላ አይመስለውም።

መከላከያው እንዲህ ነው። መስፈርቱና ነጥቡ ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ይጻፍ። ፋይሎች በገቡበት ቀን ቅደም ተከተል ይታዩ። እያንዳንዱ አባል ውይይት ሳይጀመር ነጥቡን ለብቻው ሰጥቶ ይፈርም፤ ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ከተናገረ የቀሩት ወደ እሱ ይጠጋሉና። ከዚያ ራስን መፈተኛ፦ ይኸው ማመልከቻ የዳቦ ቤት ቢሆን ይህን ወረቀት እጠይቅ ነበር? መልሱ «አይ» ከሆነ ጥያቄው ይሰረዝ። በመጨረሻም ውሳኔው ላይ አንቀጽና ፍሬ ነገር ይጻፍ። «ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም» ምክንያት አይደለም፤ ይግባኝ ሰሚውም ምኑን እንደሚመረምር አያውቅም።

መነሳት ካስፈለገ ደግሞ ነገሩ እንደታወቀ፣ በጽሑፍ፣ ክርክሩ ወዴት እንዳዘነበለ ሳይታይ ይሁን። ድምፅ ተአቅቦ ብቻውን መነሳት አይባልም። ሰውየው ከክፍሉ ይውጣ፣ ፋይሉ አይድረሰው፣ በሻይ ሰዓትም ስለ ጉዳዩ አያውራ። የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

አንቀጽ በአንቀጽ
መነሳት ሁልጊዜ ጨዋነት ተደርጎ እንዳይወሰድ። የሚከብደውን ፋይል ሁሉ ለባልደረባው የሚያሻግር ሰው ሥራውን እየመረጠ ነው። አንድን ዓይነት ጉዳይ በጭራሽ መሥራት የማይችል ከሆነ በፋይል በፋይል ሳይሆን ለአለቃው አመልክቶ ምድቡን ያስቀይር።

የቤልጂየሙ ንጉሥ ቦዱዋን በ1990 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ለዚህ ይጠቀሳል። የፅንስ ማቋረጥ ሕጉን መፈረም ህሊናቸው አልፈቀደም። ሚኒስትሮቹ ንጉሡ መንገሥ እንደማይችሉ አውጀው ሕጉን ራሳቸው አጸደቁት፤ ሚያዝያ 5 ፓርላማው የንጉሡን ሥልጣን መለሰ። ሕጉ አልታገደም፣ ፊርማቸውም የለበትም። ሕገ መንግሥቱን ለጥጠውታል የሚሉ አሉ፣ እኔም ከእነሱ አልርቅም፤ ዋናው ነገር ግን ህሊናቸው የሌላውን መብት አላስቀረም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ሌላ ወሳኝ አካል ጨርሶ ከሌለ፣ መነሳት ያለበትም ሰው ግንኙነቱን ገልጦ ሊወስን ይችላል። የባንጋሎር መርሆዎችም ይህን ይቀበላሉ። ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ብቻ ግን ይህን በር አትክፈቱት፤ መጀመሪያ ተለዋጭ አባል ይጠራ።

መዝገብ ቤት
አመሰግናለሁ። እምነቱ ወደ ርኅራኄ ቢያደላስ? አመልካቹ ችግረኛ ሆኖ መስፈርቱ ቢጎድለው?

ቃለ ጉባኤ
ፈተናው አይለወጥም። ሕጉ ምሕረት ለማድረግ ክፍተት ከሰጠ፣ ለምሳሌ ክፍያን በጊዜ መከፋፈል ወይም የማሟያ ቀን ማራዘም፣ ይጠቀምበት፤ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ይሁን። ታሪኩን ጥሩ አድርጎ የተናገረው ብቻ ካገኘው፣ አፉን የያዘው ችግረኛ ተበድሏል። ክፍተት ከሌለ ውድቅ አድርጎ የጎደለውን በዝርዝር ይጻፍለት፤ በሚቀጥለው ማመልከቻ ምን ይዞ እንደሚመጣ ይወቅ።