ሰው ሥራውን ሲሠራ የሚታይበት ፊልም ጠቁሙኝ

የጅሬኗ፦

ሰላም ናችሁ? ጅማ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ብሏል። ከሥራ መልስ ላፕቶፔን ከፍቼ ፊልም ላይ ከርሜያለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ በዚያው የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

መጀመሪያ «ፐርፌክት ዴይስ»። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ ቶኪዮ ላይ ሠራው። ሂራያማ የሚባል ሰውዬ አለ፤ ሥራው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ማጽዳት ነው። ማለዳ ይነሳል፣ ችግኞቹን ውሃ ያጠጣል፣ ደጁ ላይ ካለው ማሽን የጣሳ ቡና ይገዛል፣ መኪናው ውስጥ ካሴት ይከታል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። በማግስቱም እንደዚያው። ኮጂ ያኩሾ በዚህ ትወናው ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ወንድ ተዋናይ ሽልማት ወስዷል። ሲያንሰው ነው።

እኔን የያዘኝ አንድ ቦታ ላይ ነው። ሂራያማ ትንሽ መስታወት ያወጣና የመቀመጫውን የውስጥ ጠርዝ ከሥር ያያል። ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየውን ቦታ ማለት ነው። አብሮት የሚሠራው ወጣት ስልኩን እየነካካ ቶሎ ለመጨረስ ይጣደፋል። እሱ ዝም ብሎ ይፈትጋል። ሰውየው በፊልሙ ውስጥ ብዙም አያወራም፤ ግን በዚያች መስታወት ብቻ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ገባኝ።

በነጋታው አንድ የእኛን ተከታታይ ድራማ ከፈትኩ። ሳሎን። ትልቅ ሶፋ። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ስለ «ድርጅቱ» ይጨቃጨቃሉ። ብዙ ክፍል አየሁ፤ ድርጅቱ ምን እንደሚያመርት፣ ምን እንደሚሸጥ እስካሁን አልተነገረኝም። የቤት ሠራተኛዋ ጁስ አስቀምጣ ትወጣለች። ሐኪም ነው የተባለው ሰው ነጭ ጋዋን ለብሶ ኮሪደር ላይ ስለ ፍቅር ያወራል፣ አንድም በሽተኛ ሲያይ አላየሁትም። ተዋናዮቻችን እኮ ጎበዞች ናቸው። «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ችግሩ ትወናው አይደለም። ሰዎቹ እጃቸው ሥራ ፈትቷል።

ለምን ይሄን ያህል እንደሚከነክነኝ ልንገራችሁ። እኔ የምሠራው ቡና ላይ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ጥራት እቆጣጠራለሁ። ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች ቀኑን ሙሉ አያቸዋለሁ። ሁለቱ እጃቸው ለየብቻ ነው የሚሠራው። ቀኙ ጥቁሩን ፍሬ ሲያነሳ ግራው የተሰባበረውን ወደ ጎን ይገፋል። ወሬ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ ቀና ብለው ያያሉ፤ እጃቸው ግን አይቆምም። አንዷ እናት ነቀዝ የበላውን ፍሬ ሳታየው በጣቷ ታውቀዋለች፤ ይቀልላል ትላለች። ስለዚህች ሴት ፊልም ቢሠራ ለቅሶም ጩኸትም ሳይኖርበት ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ አያለሁ። «ጅማ 5» ተብሎ ባሕር የሚሻገረውን ቡና የሚጠጣ ሰውም ቢያያት ደስ ይለኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰው ሥራውን ሲሠራ በደንብ የሚታይበት ፊልም፣ ድራማ ወይም የፎቶና የሥዕል መጽሐፍ ምን አይታችኋል? የእኛም የውጭም ይሁን። ስለ ሥራ የሚወራበት ሳይሆን ሥራው የሚታይበት።


የቆጪው ልጅ፦

እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታስረክባለች። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ ምጣድ ትጥዳለች። ማታ ወገቧን ይዛ ስትቀመጥ ቃና ላይ የቱርክ ድራማ ነው የምትከፍተው። ባሕር ዳር ያለ ቪላ፣ ያማረ ቀሚስ፣ የተሰበረ ልብ። ጭስ ውስጥ የዋለ ሰው ማታ ደግሞ ጭስ ይይ? ሳሎኑና ሶፋው ለሷ እረፍት ነው። ድራማ የሚሠሩትም ይሄን ያውቃሉ።

ጥያቄሽን ግን ልመልስ። «ዘ ቤር»ን ተመልከቺ። ከ2022 ጀምሮ የሚታይ የአሜሪካ ተከታታይ ነው። ቺካጎ ውስጥ ያለች የሳንድዊች ቤት ወጥ ቤት። ካርሚ የሚባል ትልልቅ ቦታ የሠራ ወጣት ወንድሙ ሲሞት ቤቷን ይረከባል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሰባተኛ ክፍል አጭር ናት፣ አብዛኛዋ ካሜራው ሳይቋረጥ የተቀረጸች ናት። በኦንላይን የሚታዘዘውን ሳይዘጉት ያድራሉ፣ ትዕዛዙ ከማሽኑ እየተንዘረዘረ ይወጣል፣ ወጥ ቤቱ ይቀወጣል። ሳየው እኔው ራሴ አልቦኝ ነበር።


መምህር ጡረታ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ፈልጊ። በ1976 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ኃይሌ ያኔ አሜሪካ ተማሪ ነበር። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ መጥቶ በሁለት ሳምንት ቀረጸው። ተዋናዮቹ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በ2006 እ.ኤ.አ. ታድሶ እንደገና ለዕይታ በቅቷል።

ታሪኩ አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ነው። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ በሬ ሲጠመድ፣ ማሳ ሲታረስ፣ ልጆች ከብት ሲጠብቁ ያያል። አይቸኩልም። ባለርስቱ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮሃል። ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚበላ ንግግር ሳያስፈልግ ታይዋለሽ። እኔ ታሪክ ሳስተምር መሬት ላራሹን በብዙ ቃል ለማስረዳት እደክም ነበር። ያ ፊልም ክፍል ውስጥ ቢታይልኝ ኖሮ ግማሹን ድካም ያቀልልኝ ነበር። የዛሬ ልጆች ዘገምተኛ ነው ይሉታል። እርሻ እኮ ዘገምተኛ ነው።


ብርሃንና ጥላ፦

እኔ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፎቶ የማነሳ ነኝ። ፊልሙን ለሌሎቹ ልተውና መጽሐፍ ልጠቁምሽ። ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ቡና ያሳተመው የፎቶ መጽሐፍ አለ፣ «ዘ ሴንት ኦፍ ኤ ድሪም» ይባላል። አሥር አገር ዞሮ ያነሳው ነው፣ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሳልጋዶ ፎቶ ከመጀመሩ በፊት ኢኮኖሚስት ነበር፤ ለንደን ውስጥ ለዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ሠርቷል። ስለዚህ ቡናን ከወረቀቱም ከማሳውም ያውቀዋል። ጓደኛዬ ቅጂው አለው፤ ከፈለግሽ አገናኝሻለሁ።

«ፋያ ዳዪ»ንም እዪ። ጄሲካ በሺር ያደገችው ሐረር ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. አወጣችው። የሐረር ጫት ላይ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው፣ ግን እንደ ሕልም ነው የሚሄደው። ቀረጻውን ራሷ ናት ያደረገችው፣ ዓመታት ፈጅቶባታል። ጫቱ ሳይጠወልግ እንዲደርስ ሰዎቹ መጋዘን ውስጥ ሲለዩ፣ ሲያስሩ፣ ሲጣደፉ ታያለሽ። እኛ ጅማዎች ጫት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረንም፣ ሆኖም እንደዚያ ቀርቤ ያየሁት አይመስለኝም ነበር።


የጅሬኗ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። መምህር፣ የጠቆሙኝን አግኝቼ አየሁት። ያ ባለርስት ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲጮህ ጆሮዬን ይዤ ነበር። ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው ሰዎቹ መሬቱ ላይ ሲራመዱ የሚያሳየው ነው። ተዋናይ ገበሬ ሆኖ ሲጫወት አረማመዱ ያስታውቃል። እነዚህ አያስታውቁም። እርስዎ እንዳሉት አይቸኩልም፣ ደግሞም አልሰለቸኝም።

ብርሃንና ጥላ፣ የሳልጋዶን መጽሐፍ ጓደኛህ ዘንድ ሄጄ ገለጥኩት። ፎቶዎቹ የሚያስደንቁ ናቸው። ሳልጋዶ የድሃን ሰው መከራ ያስውበዋል የሚል ወቀሳ ከድሮም አለ፤ እኔን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ነው። እሸት ቡና ሲለቀም ግን ዋናው ነገር ቀለሙ ነው። ለቃሚዋ ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩን ብቻ ነው የምትነጥቀው፤ አረንጓዴውንና ቢጫውን ትታ ሌላ ቀን ትመለስበታለች። ጨልማ ከቀላችው ላይ ደግሞ ትፈጥናለች፣ ካለፈች ዛፉ ላይ ትደርቃለች። ዕውቀቷ ያለው እዚያ ዓይኗ ውስጥ ነው። ፎቶው ላይ ሁሉም ግራጫ ሆኖ ስታየው እጇ እንዲያው በዘፈቀደ የሚለቅም ይመስላል። ውበቱ አለ፣ ሙያዋ ቀረ። ቀለም ቢኖረው ኖሮ ይሄን መጽሐፍ መጋዘን ወስጄ ለሴቶቹ አሳያቸው ነበር።

«ፋያ ዳዪ» ላይ ግን ጥቁርና ነጩ አልከፋኝም። እሷ ጢሱን፣ ጸሎቱን፣ የሰዎቹን ፊት ነው የምትከተለው። ያ አባቱ የሚቅም ልጅ፣ መሐመድ፣ አገር ጥሎ ስለመሄድ ሲያስብ ሆዴ ተላወሰ። እዚህም ሰፈር ውስጥ እንደሱ የሚያስብ ልጅ ሞልቷል።

አንድ ልጨምር። «ብላክ ጎልድ» በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን ይመሩ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ አገር ለአገር ሲዞሩ ይከተላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች አዳራሽም አለ፤ ለቀኑ የሚከፈላቸው ከግማሽ ዶላር በታች መሆኑን ይነግረናል። ፊልሙ ስለ ዋጋ የሚናገረው እውነት ነው፣ አስፈላጊም ነው። ሴቶቹን ግን በድህነታቸው ብቻ ነው ያሳየን። ካሜራው እጃቸው ላይ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የሚከፈላቸው ገንዘብ ማነስ ይበልጥ ያሳፍር ነበር። ምን እንደሚችሉ ያላየ ሰው ስንት እንደሚገባቸው እንዴት ያውቃል?

የቆጪው ልጅ፣ እናትህ ይረፉ፤ ቪላውን ይዩ፣ ማን ይከለክላቸዋል። እኔ ግን ሥራ የሚታይበት ነገር ሁሉ ድካም ያሳያል ብዬ አላምንም። «ላምብ»ን ልላክልህ፣ አሳያቸው። የያሬድ ዘለቀ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ካን በይፋ ከተመረጡት ውስጥ ገብቷል፣ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታ አባቱ ዘመድ ቤት ያስቀምጠዋል። ልጁ ከበጉ አይለይም፣ ወጥ መሥራትም ይወዳል። አጎቱ ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል ብሎ ይቆጣዋል። እሱ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ላይ እየሸጠ ገንዘብ ያጠራቅማል። በተራራውና በአረንጓዴው ብቻ ዓይን ያርፋል።


ብርሃንና ጥላ፦

የቀለሙን ነገር ስትዪ አሰብኩበት። ፎቶ አንሺ ጥቁርና ነጭ የሚመርጠው ዓይን እንዳይበተን ነው። ቀይ ፍሬ ባለበት ፎቶ ተመልካች ቀዩን ነው የሚያየው፣ የሰውየውን ፊት ያልፈዋል። እኔ አሁንም ለሳልጋዶ አደላለሁ። ግን መጋዘናችሁ ፈቃድ ከሰጠ መጥቼ በቀለም ላንሳ፤ እጃቸውን ብቻ። ሴቶቹ ከፈቀዱ ማለቴ ነው።


የጅሬኗ፦

እጃቸውን ብቻ አይሆንም። ፊታቸውም ይግባ፤ ሲሳሳቁ ነው የሚያምሩት። እጠይቃቸዋለሁ። ኃላፊውንም።


ሾፌሩ፦

የኛን ሥራ ረሳችሁት እኮ። ሄርሞን ኃይላይ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» የሚባል የፍቅር ፊልም ላይ ዋናው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወጣት ነው። ታክሲው ይሰረቃል። መኪና የሌላ ሰው ሲሆን መሰረቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምናውቀው እናውቃለን። የፍቅሩን ነገር ተዉት፣ እኔ መኪናው ይገኝ ይሆን እያልኩ ነው የጨረስኩት።

«እረኛዬ» የሚለው ተከታታይ ድራማም ከሳሎን አውጥቶ ገጠር ስለወሰደን ሊመሰገን ይገባል። የከተማው ድራማ ላይ ይሄ ድፍረት ይጎድላል።


የቆጪው ልጅ፦

የጅሬኗ፣ «ላምብ»ን ልከሽልኝ ከእናቴ ጋር አየነው። መሃል ላይ ተነስታ ቡና ልታፈላ ነው ብዬ ነበር፣ አልተነሳችም። ልጁ ሳምቡሳውን ገበያ ሲያወጣ «አንዱን በስንት ነው የሚሸጠው?» አለችኝ። አላውቅም ስላት ዱቄቱንና ዘይቱን ራሷ ማስላት ጀመረች። ኪሳራ ላይ ነው ብላ ተቆጣች። በጉን አጎቱ ሊያርደው ነው ሲባል ደግሞ አጎቱን ስትረግመው አመሸች።

የቱርኩን አልተወችም፣ በሰዓቱ ከፍታዋለች። ግን እንደዚህ ያለ ሌላ ካለ ላኪልኝ። አማርኛ የሚወራበት ይሁን፣ የታች ጽሑፍ ማንበብ ዓይኗን ያደክማታል።