ጀርመንን አይቼ ተመለስኩ፤ ለመኖርስ እንዴት ናት?

የኮምቦልቻው ቴክኒሻን፦
ሰላም ወገኖች። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ነው የምሠራው። ባለፈው ሰኔ አዲስ ለተገዛ ማሽን ሥልጠና ጀርመን፣ ኬምኒትስ ተልከን ነበር። ሄጄ ልኖርባት የምመኛት አገር ስለሆነች ያየሁትን ሁሉ በዚያ ዓይን ነው ያየሁት።

መጀመሪያ ግራ ያጋባችኝ ፀሐይዋ ናት። መግሪብ ለመስገድ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠብቃለህ። እሁድ ደግሞ አስቤዛ ልገዛ ብወጣ ሱፐርማርኬቱ ሁሉ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ። ሕጉ ነው አሉኝ።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። የምንሠለጥንበት ቦታ አንዲት ሙያ ተማሪ ነበረች፤ ቢበዛ 18 ዓመቷ ነው። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፍታ፣ መልቲሜትር ይዛ፣ ብልሽቱን መስመር በመስመር ትከተላለች። ሽማግሌው አሠልጣኝ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገቧ ቆሟል። አይነጥቃትም፣ አይቆጣትም። ስትስት የመስመሩን ሥዕል በጣቱ ያሳያታል፤ እንደገና ትለካለች። በመጨረሻ የተቃጠለውን ሪሌ ራሷ ነቅላ አወጣችው። የምትማረው ሜካትሮኒክስ፣ ማለትም የሜካኒክና የኤሌክትሪክ ጥምር ሙያ ነው፤ 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል። ትምህርት ቤትም ፋብሪካም እየተመላለሰች ትማራለች፤ በየወሩም ይከፈላታል። እኔ ቴክኒክና ሙያ ስማር አብዛኛውን ማሽን ያየሁት ወረቀት ላይ ነው። መንፈሳዊ ቅናት ያዘኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለሙያ ያላቸው ክብር ከውጭ ለመጣ ሰውም ይደርሳል? ባለቤቴ ደሴ ነርስ ናት፤ የሐረጎን ዳገት በየቀኑ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ትንሽ ልጅ አለን። ከሁለታችን ማን ቢቀድም ይሻላል?

የሆጤ ልጅ፣ ከሃምቡርግ፦
ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባህ። እኔም ነርስ ነኝ። ያየኸው እውነት ነው፤ ግን ያየኸው ሰኔን ነው። በእነሱ ዲሴምበር ገና ከቀኑ በ10 ሰዓት ይጨልማል። ብርዱን እኛ የደሴ ልጆች እንችለዋለን፤ ጨለማውና ዝምታው ነው የሚከብደው። ጎረቤትህ ቡና ጠጣ ብሎ አይጠራህም።

ነርስ በጣም ይፈለጋል፤ ባለቤትህ ብትቀድም እላለሁ። ግን ያለ እውቅና በነርስነት አትሠራም። ማስረጃዋ ይመረመራል፤ ይጎድላል ከተባለ ወይ ተጨማሪ ልምምድ ወይ ፈተና አለ። ቋንቋውም በአብዛኛው ቢ2፣ ማለትም ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ ይጠየቃል። እስከዚያ ረዳት ሆና ነው የምትሠራው። ደሴ ዋርድ ይዤ የነበርኩ ሰው እዚህ መጀመሪያ በሽተኛ ሳጥብና ሳበላ ነበር። ሥራው ክቡር ነው፤ ሙያህን የሚያውቅልህ ሰው ማጣት ግን ያስለቅሳል። ወረቀቴ ከወጣ በኋላ ሐኪሙም ሐሳቤን ይጠይቀኛል። ክብሩ አለ፤ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ጦሳ፦
አብሽር፣ ያንተም መንገድ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ቻንሰንካርተ የሚባል የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ አለ፤ እስከ 1 ዓመት ይሰጣል። ቢያንስ 2 ዓመት የተማርክበት፣ በአገርህ እውቅና ያለው ሙያ ይጠይቃል። ጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 ያስፈልጋል፤ ሌላው በሚሰበሰብ ነጥብ ነው የሚወሰነው። ከባዱ፣ እዚያ የምትኖርበት ገንዘብ እንዳለህ አሳይ መባሉ ነው። በእኛ ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም።

ደላላ ደግሞ ተጠንቀቅ። የሥልጠና ውል በብር እንሸጥልህ የሚሉ አሉ። ራስህ እንዳየኸው ለተማሪው የሚከፍለው ቀጣሪው ነው።

እማማ፣ ከቦርከና ማዶ፦
ልጆቼ፣ የሕፃኑን ነገር ማንም አላነሳም። ማን ያሳድረዋል? እናት ፈረቃ ስትገባ እዚያ ማን ይይዘዋል? ተለያይታችሁ የምትቆዩበትን ጊዜ ቲኬት ሳይቆረጥ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

የኮምቦልቻው ቴክኒሻን፦
እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ያንን ነበር ያነሳነው፤ እናቷ ልጁን እንደሚይዙልን ነግረውናል። የሆጤ ልጅ፣ አንድ ልጠይቅሽ፦ ቢ2 የደረስሽው እዚህ ሳለሽ ነው ወይስ እዚያ ከገባሽ በኋላ? ባለቤቴ የአዳር ፈረቃ ስላላት ጠዋት ተኝታ ከሰዓት ብታጠና ያዋጣታል?