የአሴንሽን ደሴት መጤ ደን ይነቀል ወይስ ይቆይ?

ለክርክር የቀረበው ጉዳይ፦ አሴንሽን በደቡብ አትላንቲክ መካከል የምትገኝ የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። የእጽዋት ሊቁ ጆሴፍ ሁከር እ.ኤ.አ. በ1843 ጎብኝቷት፣ ጭጋግ ይዘው ውሃ የሚያስገኙ ዛፎች እንዲተከሉ መከረ። ዛሬ 859 ሜትር ከፍታ ያለው አረንጓዴ ተራራ ቀርከሃ፣ ባሕር ዛፍ፣ ዘይቱንና የዱር ዝንጅብል ለብሷል። ይነቀሉ?

ደን ወዳድ፦ በፍጹም! ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1836 ሲያያት ዛፍ የሚባል አልነበረባትም። ደን ለማልማት ስንት አገር ደፋ ቀና በሚልበት ዘመን የበቀለውን መንቀል ግፍ ነው።

የእጽዋት መምህርት፦ ዛፍ ባይኖራትም ባዶ አልነበረችም። ሌላ የትም የማይበቅሉ ፈርኖች (አበባና ዘር የሌላቸው ቅጠላማ ተክሎች) ነበሯት። ፍየል ጨረሳቸው፤ የተረፉትን ደግሞ መጤው ተክል ቦታ ነሳቸው። አንዲት ደቃቃ ፈርን ጠፍታለች ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠባት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕይወት መኖሯ ተሰማ። የተገኘችው ገደል ላይ ነው፤ ሌላ መጠጊያ አልቀረላትማ!

የአዋሽ ልጅ፦ መምህርት፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ነገር ግን ከአገር በቀሎቹ ፈርኖች አንዱ ዛሬ የሚኖረው በመጤዎቹ ዛፎች ግንድ ላይ ምንጣፍ መስሎ በሚበቅለው ሞስ የተባለ ደቃቅ አረንጓዴ ተክል ላይ ተጣብቆ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ እሱም አብሮ ይወድቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ከተራራው በታች ያለው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ መጤ ቁጥቋጦ ነው። አፋር ውስጥ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ገብቶ ግጦሹን ወረሰው። ከብቱ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን ከነፋንድያው ሄዶ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ከላይ ቢቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ ካልተማሰ ልፋቱ ከንቱ ነው። አሴንሽን ላይ ዘሩን የምታዛምተው የዱር አህያ ናት፤ ቁጥቋጦው ደግሞ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ወደሚጥሉበት አሸዋ እየገፋ ነው። ገንዘብና ጉልበት ካለ መጀመሪያ እዚያ ይዋል።

ደን ወዳድ፦ በፕሮሶፒሱ እስማማለሁ፤ ተራራውን ግን አትንኩት።

የእጽዋት መምህርት፦ ፈርን ያዘለውን ዛፍ እኔም አላስቆርጥም። ዝንጅብሉና ዘይቱኑ ግን ፈርኖቹ ከቀሩባቸው ገደሎች ዙሪያ በእጅ ይነቀሉ፤ ደግሞም በየጊዜው፣ ምክንያቱም ተመልሰው ይበቅላሉ። ይህን ሥራ ፕሮሶፒሱ እስኪያልቅ እናቆየው ካልን የምንደርስለት ፈርን አይኖርም።