የድሬ ውሃና «ቅንጦት»

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት በሬዲዮ አንዱ አድማጭ ደውሎ «የድሬን ውሃ ጠጥቶ የሞተ የለም፤ ኖራ ኖራ የምትሉት ቅንጦት ነው» አለ። አቦ ቅንጦት? ውሃው ሲፈላ የሚተወውን ነጭ ኖራ ከሻይ ማፍያዬ ሆድ በቢላ እየፋቅኩ ነው የሰማሁት። እስቲ ቅንጦቱን አሳዩኝ።

ሳቢያን ሰፈር፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? ሁላችንም ይህንኑ ጠጥተን ነው ያደግነው። የባቡር ሠራተኛ አባቶቻችን ሃይላንድ ይዘው ነበር እንዴ የሚሄዱት? የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ለዚህ ኖራ ለምትሉት ነገር በጤና ምክንያት ገደብ አላወጣም። አንብቡ።

የከዚራ ልጅ፦ አልገደለም ማለት ጥሩ ነው ማለት ነው? የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለዚሁ ኖራ በሊትር 300 ሚሊግራም ብሎ ገደብ አስቀምጧል። እሱንም ቅንጡዎች ናቸው የጻፉት?

ቦይለር ጠጋኝ፦ እኔን ጠይቁኝ። ከቦይለር የማወጣው ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ሁሉ ነጭ ድንጋይ ለብሶ ነው የሚወጣው። ድንጋዩ ሙቀቱን ወደ ውሃው አያሳልፍም። መብራት ይበላል፣ በመጨረሻም ራሱ ይቃጠላል። ግን እናንተም አጥፊ ናችሁ። ቁልፉን እስከ ጥግ ታዞሩታላችሁ። ውሃው በጋለ ቁጥር ኖራው ይብሳል፤ ዝቅ አድርጉት።

ሳቢያን ሰፈር፦ ይኸው! ድሬዳዋ ላይ ቦይለር! ታዲያ ቅንጦት ማለት ሌላ ምን ሊሆን ነው?

የከዚራ ልጅ፦ እናቴ ቁርጥማት አለባት። ሙቅ ውሃ ካላገኘች እግሯን አታነሳም። እሷንም ቅንጡ በላት፣ እሰማሃለሁ።

እትዬ ጓዳ፦ ቦይለሩን ተዉትና ልብስ የሚያጥብ ይናገር። በደረቅ ሳሙና ብታሹት ብታሹት አረፋ የለም። ሳፋው ዙሪያ ግራጫ ዝቃጭ ይቀራል። ነጭ ነጠላዬ አመድ መስሏል። ኦሞ ይሻላል፣ ግን ኦሞ በነፃ አይሰጥም። ሽንብራና ባቄላ ለንፍሮ ስጥድማ ከሰሉ ያልቃል፣ እሱ አይበስልም። ሌሊቱን ስትዘፈዝፉት ጨው ጣል አድርጉበት፣ ትንሽ ይረዳል። የሚከፍለው ድሃው ነው ልጆች። ያለውማ የታሸገ ያስመጣል።

መምህር ኬሚስትሪ፦ እትዬ ልክ ናቸው። ከተማችን ሲሚንቶ ፋብሪካ ያላት ለምን ይመስላችኋል? ዙሪያችን ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናቡ ውሃ በድንጋዩ ሰርጎ ሲያልፍ እያሟሟው ይወርዳል፣ እኛ ደግሞ ከጉድጓድ እንስበዋለን። ሲፈላ ከፊሉ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ከሰልፌት ጋር ያለው ግን ብታፈሉትም አይወጣም። ማፍያውን በቢላ አትፋቁ፤ አቼቶ ወይም ሎሚ ጨምራችሁ አሳድሩት።

የለገሃሬው፦ እኔ የሸክላ ማጣሪያ ገዝቻለሁ። ተገላገልኩ።

መምህር ኬሚስትሪ፦ አልተገላገልክም። እሱ ድፍርሱንና ጀርሙን ነው የሚይዘው። ኖራው የሟሟ ነው፤ አብሮ ያልፋል።

የለገሃሬው፦ ሻጩ «ኖራም ያወጣል» ብሎ ነው የሸጠልኝ!

ሳቢያን ሰፈር፦ ቅንጦት በብር ሲገዛ እንዲህ ነው 😂

መጋላ፦ የኩላሊት ጠጠሩስ? ጥርሳችሁ ሲበልዝስ? እሱም ቀልድ ነው?

መምህር ኬሚስትሪ፦ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው፤ የወንጂና የመተሐራ ሰዎችን ጠይቅ። ከኖራ ጋር አታደባልቀው። ጠጠርን በተመለከተ በውሃው ብቻ አታሳብቡ። በዚህ ሙቀት ላብ እያፈሰሰ ውሃ የማይጠጣ ሰው ሽንቱ ይወፍራል። ከሰዓቱን ሙሉ በርጫ ላይ በለስላሳ የሚውል ሰው ቧንቧውን አይክሰስ።

መጋላ፦ አሁን ደግሞ ወደ ጫታችን መጣህ? ወላሂ ቲቸር፣ ስለ ውሃ ነበር የተጀመረው።

አዲሳቤ፦ እኛ ጋ ይህ ችግር የለም። ውሃው ሲመጣ ሳሙናው ያረፋል።

የከዚራ ልጅ፦ ለገዳዲ ግድብ ያጠራቀመውን የዝናብ ውሃ እየጠጣህ ምን አለብህ! «ሲመጣ» ያልካትን ግን አይቻታለሁ።

ጀጎል፦ እናንተ ኖራ ብላችሁ ትጣላላችሁ። እኛ ሐረር ያለነው የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የናፈቀን ቧንቧ ሲንጠባጠብ ማየት ነው። ቅንጡ የሚለው ሰውዬ እውነቱን ነው።

ሳቢያን ሰፈር፦ አንተን ማን ጠየቀህ? የምትጠጣውስ ከእኛው ሜዳ ከአሰሊሶ ተገፍቶ የሚወጣልህ አይደል?

ጀጎል፦ ሜዳው የአባትህ ነው? ውሃ የአላህ ነው። ደግሞ ቅድም «ጠጥቶ የሞተ የለም» ስትል ነበር፤ አሁን በአንዴ ምን አስቆጨህ?

እትዬ ጓዳ፦ ኧረ ልጆች፣ ያ ሬዲዮ ላይ የደወለው ሰውዬ አንድ ቀን መጥቶ ሳፋዬ ላይ ይቀመጥ። አንሶላ አለኝ።

ሳቢያን ሰፈር፦ እትዬ፣ ኦሞውን ይዞ ይምጣ ወይስ እርስዎ ይችሉታል?

ቦይለር ጠጋኝ፦ ሬዚስታንስ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

የከዚራ ልጅ፦ ዋጋውን እዚህ ጻፈው ያገሬ ሰው፣ ምን በውስጥ መስመር ያስኬዳል?