ጃሪያ ላይ የሚኖር ሰው መርጦ ነው እንዴ?

ሾላዬ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ ስለ ዳንባድ የተለጠፈውን አያችሁት? «የህንድ የከሰል መዲና» እያለ ሲያሞግስ ቆይቶ ጃሪያ ሲደርስ ነዋሪውን «እሳት ላይ መኖርን የመረጡ» ብሎ ያልፋል። ደሜ ፈላ። ከጃሪያ መሬት በታች ከሰሉን የሚያነደው እሳት የታወቀው በ1916 ነው። የብዙዎቹ አያቶች እንኳ ገና አልተወለዱም። ማን ነው የመረጠው?

የድንጋይ ልጅ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሰርዘውም። መንግሥት በ2009 ነዋሪውን ሌላ ቦታ የማስፈር ዕቅድ አጽድቆ ቤልጋሪያ የሚባል ሰፈር ሠራላቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ የኛ እንዳይመስሏችሁ)። ቤት ተሰጥቶህ አልሄድም ካልክ መርጠሃል። በቃ።

ገርጂ ነኝ፦ ቤት ብቻ ይበላል እንዴ? ጃሪያ ውስጥ ከሰል የሚጭን አለ። የሚለቅም አለ። ሳይክል ላይ ጆንያ ደርድሮ እየገፋ የሚሸጥ አለ። ቤልጋሪያ ከዚህ ሁሉ ኪሎሜትሮች ይርቃል። እዚያ ሄዶ ምን ይሽጥ? ግድግዳውን?

የድንጋይ ልጅ፦ በሳይክል የሚሸጠው ከሰል የተሰረቀ መሆኑን ዝም ማለትሽ ገረመኝ።

ሾላዬ፦ መጣልሃ! ሌባው ሳይክል ገፊው ሆነ። የድሮዎቹ የግል ባለሀብቶች ከሰሉን ግጠው ወስደው ባዶውን ዋሻ በአሸዋ እንኳ በወጉ ሳይሞሉ ነው የሄዱት። በ70ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ወረሰና ቢሲሲኤል የሚባል የከሰል ኩባንያ አቋቋመ። እሱ ደግሞ ክፍት ቁፋሮ አበዛ። ከሰሉ አየር አገኘ። እሳት ሌላ ምን ይፈልጋል?

የድንጋይ ልጅ፦ ቢሲሲኤል እሳቱን ወረሰ እንጂ አልለኮሰውም። ከሰሉም ለምድጃ የሚሆን ተራ ከሰል አይደለም። ኮክ (በሙቀት የተጣራ ከሰል) ሆኖ ብረት ማቅለጫ የሚገባ ነው። ህንድ ይህን ዓይነቱን ከአውስትራሊያ በዶላር ነው የምታስመጣው። ደግሞ በሳተላይት ጥናት 77 የነበሩት የእሳት ቦታዎች 27 ደርሰዋል። ይህንንስ ለምን አታነሱም?

ገርጂ ነኝ፦ እናንሳው። እንዴት ቀነሱ? በአብዛኛው የሚነደውን ከሰል ቆፍሮ በማውጣት ነው። እሳት ማጥፋቱና ከሰል መሸጡ አንድ ሥራ ሆነ ማለት ነው። «አደጋ ነው፣ ልቀቁ» የሚልህ ኩባንያ አንተ ስትለቅ ከቤትህ ሥር ያለውን ከሰል ያገኛል። እሳቱ እውነት ቢሆንም እንዲህ ያለውን ሰው ማመን ይከብዳል።

የካዛንቺስ ተነሺ፦ «ለምን አይለቁም» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቀን ተቆርጦለት ዕቃ ጭኖ አያውቅም።

የድንጋይ ልጅ፦ ካዛንቺስን እዚህ ምን አመጣው? እዚያ መሬቱ ይነድ ነበር?

የካዛንቺስ ተነሺ፦ እኔ የነደድኩት ይበቃል።

ጋሽ ጡረታ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። ሁላችሁም ከተማዋን ረሳችኋት። ዳንባድና ጃሪያ ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ዳንባድ በ1926 የተከፈተ የማዕድን ትምህርት ቤት አላት፤ ዛሬ አይአይቲ (የህንድ የቴክኖሎጂ ተቋም) ሆኗል። የከሰሉን አገር የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቻስናላ የሚባለውን የከሰል ማዕድን ሳያነሳ አያልፍም። በ1975 መጨረሻ ላይ ውሃ ዋሻው ውስጥ ገብቶ 375 ሠራተኛ ፈጀ። ፎቶ ሊያነሳ የሚመጣው ሰው ግን ጭሱን ብቻ ነው የሚወደው።

የድንጋይ ልጅ፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አደገኛ ቦታ ነው፣ ይውጡ የምለው እኮ ለዚሁ ነው።

ሾላዬ፦ ጋሼ ያሉት ሌላ፣ አንተ የሰማኸው ሌላ። እስቲ ይህን መልስልኝ። ከዳንባድ ወደ ቻንድራፑራ የሚሄደውን የባቡር መስመር በእሳቱ ምክንያት በ2017 ዘጉት። በ2019 መልሰው ከፈቱት። ለባቡር የሚሆን መሬት ለሰው የማይሆነው ለምንድን ነው?

የድንጋይ ልጅ፦ ባቡር ያልፋል፣ ሰው ያድራል። ስትተኛ ወለሉ ሲሰምጥ አስበው። ሰው ውጦ ያውቃል እኮ።

ሾላዬ፦ ያውቃል። ሲውጥ «የመረጡ» ብሎ የሚጽፍላቸው አይጠፋም።

የድንጋይ ልጅ፦ አንድ ቃል ይዘህ ስታመነዥክ ልታመሽ ነው። በ2025 የተሻሻለው ዕቅድ ጸድቋል። ወደ 5,940 ክሮር ሩፒ ነው (አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው)። የይዞታ ወረቀት ላለውም ለሌለውም ቤተሰብ መቋቋሚያ 100,000 ሩፒ ይሰጠዋል። ብድርም እስከ 300,000 ድረስ ተመቻችቷል።

ገርጂ ነኝ፦ ከ16 ዓመት በኋላ! ሥራ የሌለው ቤት እንደማያኖር አሁን ገባቸው ማለት ነው። በብድሩስ ምን ይሥራ?

የድንጋይ ልጅ፦ ሱቅ ይክፈት።

ገርጂ ነኝ፦ ጎረቤቱም ሱቅ ከፍቷል። የጎረቤቱም ጎረቤት። ማን ይግዛ?

የድንጋይ ልጅ፦ እሺ፣ አንቺን የሚያስደስት ዕቅድ አምጪልን።

ገርጂ ነኝ፦ ቀላል ነው። ቤቱን ሥራው ካለበት አጠገብ ይሥሩላቸው።

የድንጋይ ልጅ፦ አጠገቡ እሳት ነው እያልኩሽ!